«ወጥቷል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣
ባሕር ዳር

ክቡር አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለ27 ዓመታት በነርስነት አገልግያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት ያሳለፍኩት በአዲስ አበባ በአንድ የኢንዶስኮፒ (የሰውነትን ውስጥ በካሜራ የማየት) ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ እኖራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኮሎኖስኮፒ አማካይነት፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ያለው መሣሪያ፣ ከትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ ስለማውጣት ነው። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ውጤቱ የሚወሰነው ግን በዚያች ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከእርሷ በፊት በነበሩት ቀናትና ከእርሷ በኋላ በሚመጡት ወራትና ዓመታት በሚደረገው ነገር ነው፤ ይህን ባለማወቅ ሰው ሲጎዳ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

ፖሊፕ ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ ግንድ አለው፤ አንዳንዱ ያለ ግንድ ተጉብጉቦ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሽፋኑ ጋር ተለጥፎ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለማየትም ያስቸግራል። ብዙዎቹ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ፤ አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን በዝግታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚፈጅ ሂደት፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ የተባሉ ሐኪሞች ኒው ዮርክ ውስጥ ሆድ ሳይቀደድ፣ በኮሎኖስኮፕ በገባ የሽቦ ቀለበት ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ይህን ሂደት መሐል ላይ መቁረጥ ተችሏል። አዴኖማቸው የወጣላቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል በትልቁ አንጀት ካንሰር የሞቱት በጠቅላላው ሕዝብ ከሚጠበቀው በ53 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሕክምናው እንዲህ ያለ ጥቅም ስላለው ነው በሚገባ መሠራቱ የሚያሳስበኝ።

በጣና ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው። በሰገራ ላይ ደም ሲታይ በየቤቱ መጀመሪያ የሚነሣው ስም ኪንታሮት ነው፤ ቀጥሎ አሜባ ይባላል፤ ሰውየው በሐይቁ ውኃ የሚታጠብ፣ ዓሣ የሚያሰግር ወይም በመስኖ የሚያለማ ከሆነ ቢልሃርዝያም ይጠረጠራል። ሦስቱም በእርግጥ በአካባቢያችን ያሉ በሽታዎች ናቸውና መጠርጠራቸው አያስወቅስም። እንዲያውም የአንጀት ቢልሃርዝያ ራሱ፣ የትሉ እንቁላሎች በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ሲቀሩ በሚያስነሡት ቁጣ ምክንያት፣ ፖሊፕ የሆነ እብጠት ሊያበቅል ይችላል፤ የዚህኛው ዋና ሕክምና የትሉ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። ይህን ከአዴኖማ በዓይን ብቻ አይቶ ሁልጊዜ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል፣ የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር በእኛ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አስፈላጊ አይደለም።

ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ያህል ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» በማለት ዝም ብሎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰውነቱ ሲከሳና ደም ማነስ ሲጀምረው በአንድ የጤና ተቋም ኮሎኖስኮፒ ተደረገለትና ትልቅ ፖሊፕ ተገኘበት፤ እዚያው ተቆርጦ ወጣለት። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። በስልክ «እቴ፣ አይዞሽ፣ ወጥቷል ብለውኛል» አለኝ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ዘጋሁት። ከአራት ዓመት በኋላ ደሙ ተመልሶ መጣ። ይህን ጊዜ ከጎኑ ነበርኩ። አዲሱ ሐኪም የጠየቁን ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ፦ የመጀመሪያው ፖሊፕ ስንት ሚሊሜትር ነበር? አንጀቱ የትኛው ክፍል ላይ ነበር? በአንድ ቁራጭ ነው የወጣው ወይስ ተቆራርጦ? የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር የተገኘው፣ ምን አለ? ለክትትል መቼ ተመለስ ተብሎ ነበር? ወንድሜ በእጁ የነበረው የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። ወደ ቀድሞው ተቋም ሄጄ ስጠይቅ ሥጋው ለምርመራ ስለመላኩ የሚገልጽ መዝገብ ሊገኝልኝ አልቻለም። በድሮው ቦታ ላይ የበቀለው አዲስ እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘና ወንድሜ የአንጀቱ አንድ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ወደ ሊምፍ ዕጢዎቹ ሳይደርስ ስለተደረሰበት ዛሬ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ጊዜ ቆርጦ ያወጣውን ሐኪም አልከስም። ትልቅ ፖሊፕ ማውጣት ከባድ ሥራ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ክብደቱም ከፖሊፕ ፖሊፕ ይለያያል፤ እንግሊዛውያን ሐኪሞች መጠኑን፣ ቅርጹን፣ ያለበትን ቦታና መሣሪያው በቀላሉ የሚደርስበት መሆን አለመሆኑን ደምረው ከ4 እስከ 17 ነጥብ የሚሰጡበት መለኪያ ያዘጋጁት ለዚህ ነው። ከሚገኙት ፖሊፖች አብዛኞቹ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው፤ እነዚህን ያለ ኤሌክትሪክ፣ በቀዝቃዛ የሽቦ ቀለበት ዙሪያቸውን ካለው ጤነኛ ሽፋን ጥቂት ጨምሮ መቁረጥ ዛሬ ተመራጭ ሆኗል፤ ምክንያቱም የአንጀቱ ግድግዳ በሙቀት ስለማይቃጠል ነው። 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በተለይም በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል የሚገኘው፣ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ በኩል የአንጀቱ ግድግዳ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚወፍር መበሳትም፣ ዘግይቶ መድማትም ከሌላው ቦታ ይልቅ ያሰጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፖሊፑ ሥር ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ፈሳሽ በመርፌ እየሰጠ ከግድግዳው ከፍ ያደርገውና ከዚያ ይቆርጠዋል። ፈሳሹ ተሰጥቶት ከፍ የማይል ፖሊፕ ወይ ወደ ውስጥ የዘለቀ ካንሰር ይዟል፣ ወይ ከዚህ ቀደም ተነካክቶ ጠባሳ ሠርቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ይህ የጠባሳ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ትልቅና ጠፍጣፋ ፖሊፕ ያገኘ ሐኪም፣ ለማውጣት የሚያስፈልገው መሣሪያ ወይም ልምድ ከሌለው፣ ግማሹን ቆርጦ ከመተው ወይም ደጋግሞ ቁራጭ ከመውሰድ ይልቅ ፎቶ አንሥቶ፣ መጠኑንና ቦታውን ጽፎ ወደሚችለው ሐኪም ቢልክ ለታካሚው ትልቅ ውለታ ይውልለታል። ተሞክሮ በተተወ ፖሊፕ ላይ የሚሠራ ሁለተኛው ሐኪም ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ ይቸገራል። «አልችለውም፣ ልላክህ» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ድክመት ሲቆጠር አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት ግን የሐኪም ትልቁ ችሎታ እርሱ ነው።

«ወጥቷል» ሲባል ሁሉም ወጥቷል ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከ5 እስከ 20 ሚሊሜትር የሆኑ ፖሊፖች ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል ከተባለ በኋላ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ ከ100ው በ10ሩ ላይ ቅሪት አገኙ፤ ከ10 ሚሊሜትር በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 17 በመቶ ከፍ አለ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ የቅሪቱ መጠን ከሐኪም ወደ ሐኪም ከ6.5 እስከ 22.7 በመቶ ይለያይ ነበር። እነዚህ ሁሉ የሠለጠኑና የተሟላ መሣሪያ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። እንግዲህ እጅና ትዕግሥት ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጡት ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። መሣሪያው ወደ ውጭ በሚመለስበት ጊዜ ቢያንስ 6 ደቂቃ ወስዶ እያንዳንዱን እጥፋት ማየት እንደሚገባ የሚነገረውም ያልታየ ፖሊፕ ሊወጣ ስለማይችል ነው፤ ተራው የረዘመበት ክፍል ውስጥ ቆሜ እንደማውቀው፣ መጀመሪያ የሚሠዉት እነዚህ ደቂቃዎች ናቸው።

ትልቅ ፖሊፕ ተቆራርጦ ሲወጣ በዚያው ቦታ ተመልሶ የመብቀል ዕድሉ በአንድ ቁራጭ ከወጣው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ ከወጣ በኋላ የቁስሉን ጠርዝ በሽቦው ጫፍ በለስላሳ ሙቀት መተኮስ፣ ተመልሶ የሚበቅለውን ከ21 ወደ 5 በመቶ ገደማ ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ያው ሽቦ፣ ያው የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ተጨማሪ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጃፓናውያን ያዳበሩት፣ ትልቁንም ፖሊፕ ከሥሩ ፈልፍሎ በአንድ ቁራጭ የማውጣት ዘዴ ረጅም ሥልጠና የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

አሁን ወደ ታካሚው ድርሻ ልምጣ። አንጀቱ ካልጸዳ ጎበዝ ሐኪምም አያይም። የማጽጃው መድኃኒት ሙሉውን በዋዜማው ከመጠጣት ይልቅ ግማሹን በዋዜማው ማታ፣ ግማሹን በቀኑ ምርመራው ከመጀመሩ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው መጨረስ አንጀቱን እጅግ የተሻለ ያጸዳዋል። ለጠዋት ቀጠሮ ይህ ማለት ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ መነሣት ነው፤ አድካሚ ቢሆንም መደረግ አለበት። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ፍሬና ገለባ ያለውን ምግብ መተው ያስፈልጋል፦ ተልባ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ቆሎ፣ ጎመን፣ የቲማቲም ፍሬ። የጥቁር ጤፍ እንጀራ በልቶ የመጣ ሰው አንጀት ውስጥ የሚቀረው አተላ የመሣሪያውን መምጠጫ ደጋግሞ ሲደፍንብን ስለማውቅ እርሱንም ለእነዚያ ቀናት እንዲተዉት እመክር ነበር። በጾም ወቅት እንቁላልና የሥጋ መረቅ ስለማይሆን ብዙ ሰዎች ምን እንደሚበሉ ይጨነቃሉ፤ ነጭ ሩዝና የተላጠ ድንች ይበቃል፤ በዋዜማው ደግሞ የተጣራ ብርዝ፣ ጥቁር ሻይና ወተት የሌለው ቡና መጠጣት ይቻላል። ቀይ ቀለም ያለው መጠጥ ግን በካሜራው ላይ ደም ስለሚመስል አይጠጣም። የስኳር ሕመምተኞች ይህን ሁሉ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ማድረግ አለባቸው። በሚገባ ያልጸዳ አንጀት ውስጥ ሃይድሮጅንና ሜቴን የተባሉ ተቀጣጣይ ጋዞች ሊጠራቀሙ እንደሚችሉም ልጨምር፤ በኤሌክትሪክ ሲቆረጥ በእነዚህ ጋዞች የተነሣ ፍንዳታ መድረሱ እጅግ ጥቂት ጊዜ ቢሆንም በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ መናገር አለበት። በአገራችን በቁርጥማት ሳቢያ የልባቸው ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በሩ) የተጎዳ ብዙ ወጣቶች ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ዋርፋሪን ብዙ ጊዜ ፖሊፕ ከመውጣቱ 5 ቀን በፊት ይቋረጣል፤ ክሎፒዶግሬልም እንደ ሁኔታው ከ5 እስከ 7 ቀን በፊት፤ አስፒሪን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። ይህን የሚወስነው የልብ ሐኪሙና ፖሊፑን የሚያወጣው ሐኪም ተነጋግረው ነው። በሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሚኖር ሰው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ቢያቆም ከፖሊፑ ይልቅ የሚገድለው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

ፖሊፕ የወጣበት ቦታ በዚያው ቀን ብቻ ሳይሆን እስከ 14 ቀን ድረስ ሊደማ ይችላል። በቀኝ በኩል ያለ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ ሲወጣ ቁስሉን በትናንሽ የብረት ክሊፖች መዝጋት ይህን መድማት ከ9.6 ወደ 3.3 በመቶ እንደቀነሰው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ክሊፑ ግን ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። እንግዲህ ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ የመጣ፣ ወይም ከሩቅ ወረዳ አውቶቡስ ቀይሮ የደረሰ ሰው ትልቅ ፖሊፕ ወጥቶለት በማግስቱ ወደ አገሩ ቢመለስና በስምንተኛው ቀን ሌሊት ደም ቢፈስሰው ምን ይሆናል? በሌሊት ሐይቅ የሚያሻግር የለም። እንዲህ ያለው ታካሚ ቢቻል ሁለቱን ሳምንት ባሕር ዳር ዘመድ ዘንድ እንዲቆይ፣ ከባድ ሸክም እንዳይሸከም፣ ብዙ ደም ካየ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ትኩሳት ከያዘው ሳያድር እንዲመጣ ከአልጋው ሳይነሣ ሊነገረው ይገባል። ሲነገረውም የሚያስታምመው ሰው አብሮ ይስማ፤ በማደንዘዣ ደክሞ የተኛ ሰው የሰማውን አይዝም።

የወጣው ሥጋ 10 በመቶ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ፣ የታካሚው ስምና ቦታው ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ ሊሄድ የግድ ነው። በትልቅነቱ የሚያሰጋ ፖሊፕ በአንድ ቁራጭ ከወጣ፣ እንዳይጨማደድ በቡሽ ላይ በመርፌ ተወጥሮ ሲላክ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ጠርዙንና ጥልቀቱን በትክክል መለካት ይችላል። በፖሊፑ ውስጥ ካንሰር ቢገኝ እንኳ ወደ ታች ከ1 ሚሊሜትር በላይ ካልዘለቀ፣ ወደ ደም ወይም ወደ ሊምፍ ሥሮች ካልገባ፣ የሕዋሳቱ ጠባይ እጅግ የከፋ ካልሆነና የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በክትትል ይበቃል። ይህን የሚነግረን ያ ጠርሙስ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ባለበት ከቀረ ወይም ታካሚው ገንዘብ አጥሮት ሳያስመረምረው ከቀረ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሳይደረግለት፣ የማያስፈልገውም ሳያስፈልገው ሊደረግለት ይችላል። የምርመራው ክፍያ ከፖሊፑ ማውጫ ክፍያ ጋር በአንድነት እንዲታሰብ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚከፈል ነገር ሁለተኛው ይረሳል።

የመመለሻው ቀን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ፣ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት አዴኖማዎች ለወጡለት ሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ይሰጣል፤ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ከ5 እስከ 10 አዴኖማዎች ለወጡለት 3 ዓመት፤ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ተቆራርጦ ለወጣለት ደግሞ 6 ወር። ወንድሜ ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ሳይሆን አይቀርም ነበር። በ6ኛው ወር ቢታይ ኖሮ የቀረችው ቅሪት በዚያው መሣሪያ ልትነሣ ትችል ነበር፤ እርሱ ግን አራት ዓመት ሙሉ ድኛለሁ ብሎ ኖረ።

ስለዚህ በከተማችንም በክልላችንም ይህን አገልግሎት የሚሰጡ የመንግሥትም የግልም ተቋማት አንድ ነገር እንዲያደርጉ በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ። ታካሚው ከክፍሉ ሲወጣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው፤ በወረቀቱም ላይ ስንት ፖሊፕ እንደተገኘ፣ የእያንዳንዱ መጠንና ቦታ፣ በአንድ ቁራጭ ወይም ተቆራርጦ መውጣቱ፣ አንጀቱ በሚገባ ጸድቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ሥጋው ለምርመራ የተላከበት ቀንና ውጤቱ የሚወሰድበት ቦታ፣ በመጨረሻም የመመለሻው ወርና ዓመት ይጻፍበት። ውጤቱ ሲደርስ የመመለሻው ቀን ሊለወጥ ስለሚችል ለዚያ የሚሆን ባዶ መስመር ይተውለት። በየክፍሉ ካሉ ነርሶች አንዷ የ6 ወርና የ3 ዓመት ተመላሾችን በመዝገብ ይዛ በየወሩ መጀመሪያ ስልክ ብትደውል ከዚህ የሚበልጥ ወጪ የለውም። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ለመያዝ የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለፉኝን ሰዎች አሁንም አስባቸዋለሁ።

ታካሚዎችና ቤተሰቦችም ወረቀቱን ሳይቀበሉ ከደጃፉ አይውጡ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ አብሬያቸው የሠራኋቸው ደግ ሐኪሞች ሁሉ የሚጠይቅን ታካሚ ይወዱ ነበር።

ወንድሜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለፈው ዓመት ታይቶ አንጀቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚቀጥለው ምርመራው በ2020 ዓ.ም. ነው። የሁለቱንም ውጤት በላስቲክ ጠቅልዬ ከመታወቂያው ጋር አስቀምጬለታለሁ፤ አንድ አንድ ቅጂም ለታላቅ ልጁ ሰጥቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች ነርስ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር